ቀለም የማይለቅ ባንዲራ

አባቴ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ባሮ ዳር ነው። ከጅምላ አከፋፋይ ጣቃ ሲቀበል ከሰላምታም ከሻይም በፊት የሚያደርገው ነገር አለ። አውራ ጣቱን በምላሱ ያርስና የጨርቁን ጫፍ አጥብቆ ያሻል። ጣቱ ላይ ቀለም ከቀረ ፊቱን ያኮሳትራል። አከፋፋዩ አንድ መቶ ጊዜ ቢምል አይሰማውም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይልና ጣቃውን ወደ ባለቤቱ ይገፋዋል። ከወንድሞቼ ሱቁን የሚወርሰው ታናሼ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ አውራ ጣቱ ነው።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ተማሪ ካሞገሰኝ ፈተና እንደቀረበ አውቃለሁ። ርእሰ መምህሩ በስሜ ፊት "ወንድሜ" የሚል ቃል ከጨመረ ቅዳሜ ሥራ አለ ማለት ነው። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ስለ ልጆቼ ጤና አብዝቶ ከጠየቀኝ መሰላሉን በልቤ አዘጋጅለታለሁ። ባለቤቴ "አንተ እኮ ዝናብ ሲዘንብም ማን ላከው ትላለህ" ትለኛለች። አልበሳጭም። ጋምቤላ ዝናቡም ቢሆን አንዳንዴ ይላካል።

ይህ ጠባዬ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ሙያ ተቆጠረልኝ፤ እሱም ጨዋታ ውስጥ ነው። በኮምፒውተር የሚጫወቱት የስልት ጨዋታ አለ። አንድ አገር ትመርጣለህ፣ ግብር ትሰበስባለህ፣ መንገድ ትሠራለህ፣ ትዋጋለህ፣ ትታረቃለህ። የሠሩት ሰዎች ባሕር ማዶ ስለሆኑ የእኛን አካባቢ በአንድ ቀለም ቀብተው አልፈውታል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ተጫዋቾች ራሳቸው ተሰብስበው ያሟሉታል፤ ያሟሉትም ነገር ሞድ ይባላል። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ የምሥራቅ አፍሪካን ታሪክ የሚያሟላ ሞድ ከሚሠራ ቡድን ጋር በኢንተርኔት ገባን። አባላቱ በየአገሩ የተበተኑ፣ አንዳቸውንም በአካል አይተን የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። መብራትና ኔትወርክ የታረቁ ዕለት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ሁለታችንም አፍጥጠን እንውላለን።

ባልደረባዬ ጂኦግራፊ ያስተምራል። የአኙዋ ተወላጅ ነው፤ ዘመዶቹ ጎግ አካባቢ ናቸው። እሱ ወንዞቹንና ድንበሮቹን ያርማል፣ እኔ ባንዲራዎቹን። ከየአገሩ የሚላከውን ባንዲራ እውነተኛ ነው ብዬ ካላሳለፍኩት ወደ ጨዋታው አይገባም። አንዱ አባል ጋምቤላ ወደብ ላይ የእንግሊዝና የግብጽ ባንዲራ ጎን ለጎን የሚሰቀልበትን ዘመን ሲሠራ አረንጓዴውን የግብጽ ባንዲራ ላከ። ያኔ ወደቡን በኪራይ የያዘችውን ሱዳንን ሁለቱ በጋራ እናስተዳድራለን ይሉ ስለነበር በወደቡ ሁለት ባንዲራ መኖሩ ልክ ነው። አረንጓዴው ግን ኋላ የመጣ ነው፤ እሱ በመረጠው ዓመት ገና ቀይ ነበር። መለስኩለት። ሌላው የእኛን ሦስት ቀለም ከነአንበሳው ልኮ የአንበሳው እግር ግራና ቀኙ ተቀያይሮበት አገኘሁት። እሱንም መለስኩ። "ምንጭህ ምንድን ነው? ገጽ ስንት?" የምትለው ጥያቄዬ በቡድኑ ታወቀች፤ ባልደረባዬም ጉምሩክ ብሎ ስም አወጣልኝ።

በእኛ አገር ባንዲራ የጨዋታ ነገር እንዳልሆነ የማውቀውን ያህል ማንም አያውቅም ብዬ አስባለሁ። ኮከብ ያለበትን ኮምፒውተርህ ላይ ያየ አንድ ነገር ይልሃል፤ ኮከብ የሌለበትን ያየ ሌላ። አንበሳ ካየማ ጨርሶ አይጠይቅህም፣ በልቡ ይጽፍሃል። ስለዚህ ባንዲራዎቹን የማስቀምጥበትን ፎልደር "ሮስተር" አልኩት። አስተማሪ የተማሪ ውጤት ሲያጠራቅም ማን ይከፍትበታል?

ሥራው ወደማለቂያው ሲደርስ የቡድኑ መሪ፣ ድምፁን እንኳ ሰምቼው የማላውቅ ሰው፣ ሞዱ ክረምቱ ሲወጣ ለሕዝብ እንደሚለቀቅ አሳወቀ። አንድ አገር እንኳ ባንዲራ ካጣ ጨዋታው ሲከፈት እንደሚዘጋ አስጠነቀቀ። የጎደለው አንድ ብቻ ነበር፤ የአኙዋ ነገሥታት አገር። ባልደረባዬ ከመጀመሪያው "እሱን ለኔ ተወው" ብሎኝ ነበር። ተውኩለት። ወራት አለፉ፤ ቦታው ባዶ ነው። ስጠይቀው "ይመጣል" ይላል። ከማን፣ ከየት፣ አይልም።

በዚህ መሃል አንድ የማናውቀው ሰው ለዚያ ባዶ ቦታ ባንዲራ ላከ። ጥቁርና ወርቃማ መደብ ላይ ሁለት የተጠላለፉ ጦሮች፣ መሃል ላይ የሚያገሳ አንበሳ። ያምራል፤ ያጠራጠረኝም ማማሩ ነው። ምንጭ ጠየቅሁት። "የድሮ መጽሐፍ" አለ። ገጽ ስጠይቀው ጠፋ። ወደ ጎን አደረግሁት፤ የቡድኑ መሪ ግን የተሻለ ካልመጣ ይሄው ይገባል ብሎ ጻፈ። ባልደረባዬ አንበሳውን አየና "እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የውሸት ባንዲራ አንዴ ጨዋታ ውስጥ ከገባ ማን ያወጣዋል? በኢንተርኔት ይዛመታል፣ ከነማማሩ ቲሸርት ላይ ይታተማል። አንድ ቀን አንድ ወጣት የጥንት ባንዲራችን ነው ብሎ ይዞት አደባባይ ይወጣል። እዚህ አገር ደግሞ ባንዲራ ይዞ የወጣ ሰው ሲመሽ የት እንደሚያድር እናውቃለን። ያን ወጣት ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ አድርጌ እያሰብኩ እጨነቅ ነበር።

ባልደረባዬ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠፋል። ስልኩ ይዘጋል። ሰኞ ሲመጣ ጫማው ላይ የገጠር መንገድ ጭቃ ይኖራል። አንድ ቀን አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጦ አንድ ጥሩ ስልክ ከያዘ ሰው ጋር ሲያወራ አየሁት፤ ስጠጋ ሁለቱም ዝም አሉ። ሰውየው እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና ተሰናብቶ ሄደ። ማነው ስለው "ዘመድ" አለኝ። ጋምቤላ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ሰው ካለ እሱ እኔ ነኝ።

ሌላም አለ። አንድ ዓርብ አባቴ ሱቅ ስገባ "ጓደኛህ አቡጀዲ ወሰደ" አለኝ። ያልተነከረ ነጭ ጨርቅ፣ ለሽማግሌ መልበሻ የሚሆን። ከአጠገባችን ካለው ሱቅ ደግሞ ትምባሆና ስኳር ገዝቷል።

"ሽምግልና ይዟል" አለ አባቴ። "ሚስት ሊጨምር ነው?"

አልሳቅሁም። ቁጭ ብዬ አሰላሰልኩ። ምናልባት ባንዲራውን አግኝቶ ለሌላ ቡድን ሰጥቶታል። ምናልባት ጦርና አንበሳውን የላከው ሰው እሱ የሚያውቀው ነው፤ ሊፈትነኝ ነው። እነዚህን ሁለቱን ቶሎ ጣልኳቸው፤ ሦስተኛውን ግን መጣል አቃተኝ። ምናልባት ነገሩን ያገኘው ቢሆንም ለእኔ ማሳየት አልፈለገም። ሌላውን ሁሉ አብረን ሠርተን፣ የገዛ ወገኑ ጋ ስንደርስ እጁን ሰበሰበ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ይህን ነበር። እዚህ ተወልጄ፣ ባሮ ውስጥ እየዋኘሁ አድጌ፣ ነገር የከረረ ዕለት "አንተ ደገኛ" መባሌ አይቀርም። ከእሱ አፍ ግን መስማት አልፈለግሁም። ዝምታው ደግሞ ያንኑ የሚለኝ መሰለኝ፤ በጣም አዘንኩ፣ በጣምም ተናደድኩ።

ሰኞ ዕለት አስተማሪዎች ክፍል ማንም ሳይኖር ጠየቅሁት።

"ምንድን ነው የምትደብቀኝ?"

የተማሪ ደብተር እያረመ ነበር። የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ዘጋ። "ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን" አለኝ። "ላፕቶፑን ቻርጅ አድርገህ ያዘው።"

አሁን ደግሞ ግብዣውን ጠረጠርኩ። እስከዛሬ ያልጠራኝ ሰው ስጠይቀው ለምን ጠራኝ? ላፕቶፑስ ለምን? ባለቤቴ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ እንዳገኘሁ ነገርኳት። "እሱ ከሄደ አንተም ትሄዳለህ" አለች፤ እሷ ሰው ታምናለች። ዓርብ ማታ ሮስተር የሚለውን ፎልደር ሌላ ፎልደር ውስጥ ከተትኩት።

መኪናው አይሱዙ ነበር፣ ጭነትም ሰውም የያዘ። አንድ ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተና ላፕቶፑን አወጣ፤ ልቤ ወደ አንበሳዎቹ ሄደ። ባልደረባዬ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረው። ፈታሹ እኔን አይቶ ሳቀ፤ ላፕቶፑንም መለሰልኝ። መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ምን እንዳለው ጠየቅሁት።

"አስተማሪ ነው አልኩት።"

"ይሄ ያስቃል?"

"አስተማሪ መሆን አያስቅም?" አለኝ።

አቦቦ ከተማ ላይ በቆሎ እሸት ገዝተን በላን። እዚያ የአባቴ አገር ሰዎች፣ በሰፈራ ዘመን የመጡት፣ ከአካባቢው ተወላጅ ገበሬዎች ጎን ያርሳሉ። አንድ አዛውንት የአባቴን ስም ሰምተው በወሎ ዘዬ መረቁኝ፤ ባልደረባዬ ሳይሰለች ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ወደ ጎግ የሚወስደውን መንገድ ይዘን መንደሩ ደረስን። ጥርት ብሎ የተጠረገ ግቢ ነው፤ ቅጠል የለበትም። አንድ ሽማግሌ ቆዳ ላይ ተቀምጠው ፒፓ ያጨሳሉ፣ ጎናቸው ሦስት እኩዮቻቸው አሉ። ሽማግሌው አጠገብ የታጠፈ ጨርቅ አየሁ። የአባቴ ሱቅ አቡጀዲ ነበር፤ አጣጠፉን አውቀዋለሁ።

ሽማግሌው በቋንቋቸው ይጠይቃሉ፣ ባልደረባዬ ይተረጉምልኛል። መጀመሪያ ጨዋታው የት እንደሚኖር ጠየቁ። ኮምፒውተር ውስጥ አልኩ። የማን ኮምፒውተር? የሁሉም። ይህ መልስ አልጣማቸውም፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ባንዲራው ምን እንደሚሠራ እንዳሳያቸው ጠየቁ። ከፍቼ አንድ ትንሽ አገር መረጥኩ፣ ጎረቤቱን አስወረርኩት። የተሸነፈው ባንዲራ ወረደና የአሸናፊው በቦታው ተተካ። ሽማግሌው ፒፓውን ከአፋቸው አወጡ። ደግሜ እንዳሳይ አሉኝ፤ ደገምኩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከማያ ገጹ ወደ እኔ አዞሩ።

ለባልደረባዬ ዝቅ ባለ ድምፅ "ምን ሆኑ? አላመኑንም?" አልኩት። "እኔ መጀመሪያም አላማረኝም። ሽማግሌው ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነሳም።"

"ቆይ" አለኝ። ከዚያም እስከዛሬ ያልነገረኝን ነገረኝ። በእነሱ ወግ የንግሥናው ምልክት ባንዲራ አይደለም፣ ባንዲራ የሚባል ነገርም አልነበረም። ምልክቱ ዶቃ ነው፤ ከአባት ለልጅ፣ ከአንዱ ለሌላው የሚተላለፍ የዶቃ ሐብል። ንጉሥ የሚባለው በወጉ የተሰጠው ሰው ነው። ድሮ ሰው የተጣላውም የታረቀውም በእሱ ነው።

"ታዲያ ዶቃውን እንሳለው" አልኩ። መፍትሔው ቀላል መሰለኝ።

"መሳል ይቻል እንደሆነ እሳቸውን ልጠይቅ ነው የምመላለሰው።"

ሽማግሌው መናገር ጀመሩ። ረጅም ንግግር ነበር፤ በመሃል እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፣ ወደ ከተማው አቅጣጫ ጠቆሙ፣ እኩዮቻቸው በየመሃሉ ተስማሙ። ባልደረባዬም መሃል ላይ ረዘም አድርጎ መለሰላቸው። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረ።

"አይሳልም ብለዋል።"

"ይሄን ሁሉ ተናግረው አይሳልም ብቻ?"

"ሌላው ስለ ዝናብ ነው።"

ሰማዩን አየሁ። አንድም ደመና አልነበረም። ተነስቼ ወደ መኪናው ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ስለ እኔ እንዳወሩ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ምን እንዳሉ የሚያውቀው ባልደረባዬ ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

ያኔ ሽማግሌው በአማርኛ ተናገሩኝ። "እኔ አማርኛ ዲማ ተማርኩ" አሉ። "ወጣት ሆኜ፣ ወርቅ ሳጥብ፣ ከደገኛ ጋር።" ስለ ዓይናቸው ያልኩትን ሁሉ ሰምተውታል ማለት ነው። አፈርኩ። እሳቸው ግን የተቀየሙ አይመስሉም፤ ነገሩን ቀስ አድርገው፣ ቃል እየመረጡ አስረዱኝ። ድሮ ሰዎች እንይ ብለው መጡ፣ አዩ፣ ያዩትን ይዘው ሄዱ። መሳልም ይዞ መሄድ ነው። በጨዋታ ቢሆንም ማንም ሰው በጣቱ ተጭኖ የሚወስደው ከሆነ፣ የተሰጠው ሰውና የቀማው ሰው እኩል ሆኑ ማለት ነው። ይህን ብለው ፒፓቸውን አንኳኩ።

"ይሄ ልጅ ብዙ ቅዳሜ መጣ" አሉ ባልደረባዬን እያሳዩኝ። "ያ ደገኛ ነገራችንን አያበላሽም ይላል። ለሱ ዋስ እኔ ነኝ ይላል። እሺ። አንተስ? ለሱ ዋስ ትሆናለህ?"

ዋስ የሚለው ቃል ያደግሁበት ነው። እኛ ቤት ዋስ መሆን ማለት ሰውየው ቢጠፋ አንተ ትታሰራለህ ማለት ነው። አባቴ ለገዛ ወንድሙ ዋስ ከመሆኑ በፊት አንድ ሌሊት ሳይተኛ አድሯል። እኔም አፌ ከመከፈቱ በፊት ሻይ ቤት ያየሁት ሰው መጣብኝ፣ የተዘጋው ስልክ መጣብኝ፣ "ሌላው ስለ ዝናብ ነው" ያለኝም መጣብኝ። አውራ ጣቴ ብቻውን ጠቋሚ ጣቴን ሲያሽ አየሁት። ባልደረባዬ ቀና ብሎ አላየኝም። ዶሮ አንዱ ጎጆ ሥር ጫረች።

"እሆናለሁ" አልኩ በመጨረሻ።

ሽማግሌው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉና ሳቁ፤ ባልደረባዬ አልሳቀም፣ አልተረጎመልኝምም። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን አቡጀዲ አነሱና እንዲሁ ታጥፎ እንዳለ ከፍ አድርገው አሳዩን። "እንዲህ ይሁን" አሉ። "ባዶ። ግን ባለቤት አለው በሉ።"

ስንመለስም ያንኑ አይሱዙ ተሳፈርን። አይሱዙው ላይ ፊት ለፊት ጆንያ ላይ ተቀምጠናል፣ ጉልበታችን ይነካካል። አቦቦ ላይ በቆሎ ገዝተን ካለፍን በኋላ ተናገረ።

"ቆየህ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ዋስ ትሆናለህ ሲሉህ ቆየህ።"

እያሰብኩ ነበር አልኩት።

"አዎ። ሽማግሌው ወደዱልህ። ቶሎ ዋስ የሚሆን ቶሎ ይክዳል አሉ። የሳቁት ለዚህ ነው።" ወደ መንገዱ ዞረ። "እኔ ግን አልወደድኩትም።"

ይህ ቃል እስከዛሬ ይሰማኛል። ይቅርታ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ከይቅርታው በፊት ግን ያቺ የተረገመች ጥያቄ ቀደመችኝ። ሻይ ቤት ያየሁት ሰውዬ ማነው አልኩት። ገርሞት አየኝ። የሽማግሌው ልጅ ነው፣ ከተማ ይኖራል፤ አባቱ ዘንድ መግባት የሚቻለው በእሱ በኩል ነው። እኔን ከላይ እስከ ታች ያየኝም ባልደረባዬ ዋስ የሆነለት ደገኛ የትኛው እንደሆነ ሊለይ ነው።

"አንተ ብቻ የምትጠረጥር ይመስልሃል" አለኝ። "እነሱ አንተን ስንት ጊዜ ጠየቁኝ። አባቱ ማነው? የማን ወገን ነው? ለማን ይነግራል?"

"ምን ብለህ ነው ታዲያ ዋስ የሆንከኝ? ያ ዝናብ ያልከው ምን ነበር?"

ሊነግረኝ አልፈለገም። ኬላውን አልፈን የከተማው ማንጎ ዛፎች ታዩ። ከዚያ ስለ እናቱ አወራልኝ። እሱ ልጅ ሳለ እናቱ ከገጠር መጥታ ቀይ ጨርቅ ልትገዛ አባቴ ሱቅ ገባች። ለሠርግ ነው፤ ደስ ብሏታል። አማርኛ አትችልም። አባቴ ጣቃውን አወረደላት፣ አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ ጨርቁን አሸ፣ የቀላ ጣቱንም ፊት ለፊቷ ዘርግቶ አሳያት። ራሱን ነቀነቀ። ልትገዛ የያዘችውን ከእጇ ተቀብሎ ወደ መደርደሪያው መለሰው፤ ሌላ አወጣላት። እናቱ እስክትሞት ድረስ ያን ቀይ ጣት ታወራ ነበር። ቋንቋ ሳይገባት ያልዋሻት ነጋዴ እሱ ብቻ ነው ትል ነበር።

"የዚያ ሰው ልጅ ነው አልኳቸው" አለኝ። "ሌላ ምንም አላልኩም።"

ያን አውራ ጣት ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አከፋፋዩን ለመያዝ እንጂ ለገዢ እንደሚታይ ግን አላውቅም ነበር። መኪናው ቆመና ወረድን፤ በእጁ ያለውን ባዶ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወርውሮ ወደ ቤቱ ሄደ፣ እኔ ሳልሰናበተው።

በማግስቱ ሱቅ ሄጄ አባቴን ጠየቅሁት። ሴትየዋን አያስታውሳትም። ስንቱን አስታውሳለሁ አለኝ፤ ያ ቀይ ጣቃ ግን ትዝ አለው፣ አከፋፋዩ ጥሎበት የጠፋው ነው። "ብሸጥላት ኖሮ ሲታጠብ ሌላ ልብሷን ሁሉ ያበላሽባታል፤ ከዚያ መንደሩን ሁሉ ይዛ ትመጣብኛለች።" የተቆረጠ ክር ከእጅጌው ላይ አነሳ። "እኔ የምጠረጥረው ጨርቁን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም" አለ። ደንበኛ ገባና ወደ እሱ ዞረ።

ባንዲራውን የሠራሁት በዚያው ሳምንት ነው። ከአባቴ ሱቅ አንድ ክንድ አቡጀዲ አምጥቼ ቀን ብርሃን ላይ ፎቶ አነሳሁት፤ ያንኑ ያልተነከረ መልክ ጨዋታው ውስጥ አስገባሁ። ጦርና አንበሳውን ሰረዝኩት። የተቀመጠበትን ፎልደርም ስሙን ከሮስተር ወደ ባንዲራ መለስኩ፤ ባለቤቴ ደፋር ሆነሃል አለችኝ።

ሞዱ ከመለቀቁ በፊት የቡድኑ አባላት ሞከሩት። ቅሬታው ወዲያው መጣ። አንድ አገር ባንዲራው አልጫነም፣ ባዶ ጨርቅ ነው የሚያሳየው፣ ስህተት ነው፣ ይስተካከል። የጦርና አንበሳው ባለቤትም ከጠፋበት ብቅ ብሎ የእኔ የት ሄደ አለ። ባልደረባዬ ከጎኔ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሥራ እንጂ ሌላ ነገር ብዙም አላወራንም፤ እኔም ደጋግሜ ይቅርታ ልጠይቀው ስል በር ላይ ተማሪ ይመጣል ወይ መብራት ይጠፋል። ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበና ስህተት አይደለም፣ ባለቤቱ ስላልፈቀደ ባዶ ሆኗል፣ ባለቤት ግን አለው ብሎ ጻፈ።

የቡድኑ መሪ ቶሎ መለሰ። ጽሑፉ ለእኔ ነበር። ሁሉንም ሰው ምንጭ ስትጠይቅ ከርመሃል አለኝ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው። ምልክቱ እንዳይሳል የተባለበት መጽሐፍ የቱ ነው? ገጹስ? ካልሆነ ይህን የሚናገረው ሰው እውነት መናገሩን በምን እናውቃለን?

ልክ ነበር። እኔም ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር። ባልደረባዬ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ፤ እንደዚያ ቅዳሜ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ተከለ። እኔ ግን ላፕቶፑን ወደ ራሴ ስቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር። መጽሐፍ የለም፣ ገጽ የለም፣ የነገረን ሰው ነው፣ ያመጣውም አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነው፣ ለእሱ ዋስ እኔ ነኝ፤ ውሸት ከሆነ እኔን ከቡድኑ አስወጡኝ። ሳላነበው ላክሁት።

ባልደረባዬ ማያ ገጹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

"አሁን ፈጠንክ" አለኝ።